«ቤት ይፍጀው» ስለሚባለው ነገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ያለንበት ወራት ወርኃ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ባሉት አርባ ቀናት ቅድስት ቤተ ክርስቲያን፣ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን መከራ እያሰበች በየሰንበቱ ሌሊቱን በማኅሌት ታድራለች። በእኛ አገር ደግሞ ይህ ወራት ቡናው የሚቀላበት ወራት ነው። ለቃሚው ቅርጫቱን በወገቡ ታጥቆ ከማለዳ እስከ ማታ ከዛፍ ዛፍ ይዘዋወራል፤ እሸቱ በሚዛን እየተመዘነ ይሸጣል፤ የቀረው በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያላየ ቤት በነዚህ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ገንዘብ ያያል።

ገንዘቡም በበረከት የሚገባበት ቤት አለ፤ በዕንባ የሚገባበትም ቤት አለ። ባልና ሚስት አብረው ተክለው፣ አብረው አርመው፣ አብረው ለቅመው፣ ሚዛኑ ዘንድ ሲደርሱ ግን ገንዘቡን የሚቀበለው ባል ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፤ እርሱም ከሚዛኑ ወደ ጠጅ ቤት፣ ከጠጅ ቤትም በእኩለ ሌሊት ወደ ቤቱ የተመለሰ እንደ ሆነ፤ ሚስት «የልጆቹ የደብተር መግዣስ?» ብላ ስትጠይቅ የሚመለስላት መልስ ብዙ ጊዜ ጡጫና ዱላ ነው። በማግሥቱ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ድረስ ተከናንባ ውኃ ልትቀዳ ትወጣለች። ጎረቤት ያያል፤ ያያትም ሰው ፊቱን ያዞራል። «ምን ሆነሽ ነው?» ተብላ ብትጠየቅም «እንጨት ስፈልጥ መታኝ» ትላለች። ሁሉም እንጨቱ የማን እንደ ሆነ ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። «ቤት ይፍጀው» ይባላል።

ወገኖቻችን ሆይ፤ ዛሬ ልንናገር የወደድነው ስለዚህ ቃል ነው። ቃሉ ገመናን የሚሸፍን መልካም ቃል ይመስላል። ነገር ግን ቤት የሚፈጀው ነገሩን ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያለችውንም ሴት፣ በውስጡ ያሉትንም ሕፃናት ይፈጃል።

አስቀድመን የራሳችንን በደል እንናገር፤ ካህን የሌላውን ኀጢአት ብቻ እየቈጠረ የራሱን ቢሸሽግ ስብከቱ አይሰማምና። ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ አንዲት ሴት ኪዳን ደርሶ ሕዝቡ ከተሰናበተ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ጥግ ቆማ ጠበቀችን። ባልዋ ሲመታት ይህ ሦስተኛው ጊዜ ነበረ። እኛም እንደ ልማዳችን ሦስት ሽማግሌዎች ጠርተን፣ ባልዋን አስመጥተን፣ ከዋርካው ሥር ተቀመጥን። ነገሩን ስንመረምርም «ማን ቀድሞ ተናገረ?» ብለን ጠየቅን። እርስዋ የቡናውን ገንዘብ በመጠየቋ ቀድማ ተናግራለች ተብሎ ተፈረደባት። ባልዋ መስቀል ስሞ «ሁለተኛ አልመታም» ብሎ ማለ፤ እርስዋ ደግሞ «ሁለተኛ በክፉ አልመልስም» ብላ ይቅርታ እንድትጠይቀው አደረግን። የኢዮብን ትዕግሥት ነግረን ወደ ቤቷ መለስናት። ሽማግሌዎቹም እኛም «ዛሬ አንድ ቤት አቀናን» ብለን ደስ ብሎን ገባን።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ሌሊት የበሩ መዝጊያ ተንኳኳ። ከፍተን ብናይ የዚያች ሴት የመጀመሪያ ልጅ፣ ገና ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን፣ በባዶ እግሩ በጭቃው ውስጥ ሮጦ መጥቶ ነበረ። ከቤታቸው እስከ እኛ ቤት ድረስ ባለው መንገድ ላይ ሰባት ቤቶች አሉ። በሰባቱም ቤቶች ጩኸቱ ተሰምቷል፤ ከሰባቱም የወጣ አልነበረም። በደረስን ጊዜ ቀኝ እጇ ከክንዷ በታች ተሰብሮ ነበረ። እግዚአብሔር ነፍሷን አተረፈልን፤ እጇ ግን እንደ ቀድሞው አልጸናም። ባልዋ በሕግ ተይዞ ተፈርዶበታል። እርስዋ ዛሬም ቡና የምትለቅመው በግራ እጇ ነው። ይህን እንድንናገር የፈቀደችልን እርስዋ ራሷ ናት፤ ስሟንና መንደሯን ግን አንጠራም።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ ያን የዋርካ ሥር ችሎት ብዙ ጊዜ አስበነዋል። ቡና ሻጭ ሁሉ በሚዛኑ ላይ ዐይኑን ተክሎ ይቆማል፤ ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ እንደ ሆነ ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌ መጽሐፍ ምዕራፍ 11 ቍጥር 1 ላይ ተናግሯልና። እኛ ግን በአንዱ ወገን አንድ ቃል፣ በሌላው ወገን ሦስት ድብደባ አስቀምጠን «ሚዛኑ እኩል ነው» ብለን ፈረድን። ስሕተታችንም ይህ ነበረ፤ ጠብንና ግፍን አንድ አደረግናቸው። ጠብ ማለት ሁለት ሰዎች በቃል ተጋጭተው ሁለቱም ጥቂት ጥቂት ሲበድሉ ነው፤ ይህን ሽምግልና ያበርደዋል። ግፍ ማለት ግን አንዱ በጕልበቱ ሌላውን ሲያስፈራራና ሲያደቅቅ ነው፤ ለዚህ ከዕርቅ በፊት መታደግ ያስፈልጋል። የሚደማውን ሰው ቁስሉን ሳያስሩ «ይቅር በል» ማለት የእግዚአብሔር ሽምግልና አይደለም።

የሚመቱ ሰዎችና የሚመቱትንም የሚደግፉ ሰዎች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ፤ ሦስቱንም በመጽሐፍ ቃል እንመዝናቸው።

የመጀመሪያው ምክንያት «ባል የሚስት ራስ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ይህን ጽፏል። ነገር ግን ያው ሐዋርያ በዚያው ስፍራ ራስነቱ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ገልጧል፤ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደዳትና ራሱን ስለ እርስዋ አሳልፎ እንደ ሰጠ፣ ባልም ሚስቱን እንዲሁ እንዲወድ አዝዟል፤ የገዛ ሥጋውን የሚጠላ ማንም እንደሌለም አስረድቷል። ጣት እሾህ ሲወጋው የሚያመው ራስን ነው። የገዛ እጁን በድንጋይ የሚቀጠቅጥ ሰው ብናይ «ይህ ሰው ራስ አለው» እንላለንን? አእምሮውን ስቷል ብለን ጠበል እንወስደዋለን እንጂ። ለቈላስይስም ሰዎች በምዕራፍ 3 ቍጥር 19 ባሎች በሚስቶቻቸው ላይ መራራ እንዳይሆኑ ጽፏል፤ መራራ ፊት የተከለከለ ከሆነ ዱላው ምን ይባላል? ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ለቆሮንቶስ ሰዎች የተጻፈችውን የመጀመሪያይቱን መልእክት ሲተረጕም፣ ሚስትን መምታት የመጨረሻ ሕገ ወጥነት እንደ ሆነ፣ ባሪያን እንኳ መምታት ለጨዋ ሰው ነውር እንደ ሆነ አስተምሯል። ይህን ያስተማረው ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመታት በፊት ነው። እንግዲህ «ይህ የፈረንጅ ትምህርት ነው» የሚል ሰው ቢኖር የራሱን አባቶች አላነበበም። ሴትንና አህያን ከዱላ ጋር የሚያጣምረው ያ የመንደር ተረት ከወንጌል አልተቀዳም።

ሁለተኛው ምክንያት «ትታገሥ፤ ትዕግሥት ጽድቅ ነው» የሚል ነው። ትዕግሥት ጽድቅ መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን ትዕግሥት ሰው በራሱ ፈቃድ የሚይዘው በጎነት ነው እንጂ ሌላው በሰው ጀርባ ላይ የሚጭነው ሸክም አይደለም። በዚህ በጽጌ ወራት የምናስበውን ነገር አስተውሉ። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል በፈለገ ጊዜ የጌታ መልአክ ለዮሴፍ በሕልም ተገልጦ የነገረው እናቲቱንና ሕፃኑን ይዞ እንዲሸሽ ነው። ዮሴፍም እስኪነጋ አልጠበቀም፤ በሌሊት ተነሥቶ ሄደ። ይህን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ቍጥር 13 እና 14 ታገኙታላችሁ። ጌታ ሁሉን የሚችል አምላክ ሲሆን ከገዳይ እጅ መሸሽን በራሱ ስደት ባረከው። ስለዚህ ነፍሷን ለማዳን ልጆቿን ይዛ በሌሊት የምትወጣ እናት እምነቷ ጐደለ ሊባል አይገባም። አረጋዊው ዮሴፍም ወንድ ለቤቱ ምን እንደ ሆነ አሳይቶናል፤ በትሩን የያዘው ለመንገድ መመርኰዣ ነበረ እንጂ በድንግል ላይ ሊያነሣው አልነበረም። በስደቷ ጊዜ ውኃ የነፈጓት ነበሩ፤ የተቀበሏትም ነበሩ። ከሁለቱ ወገን የማን ዘር እንድንባል እንወዳለን?

ሦስተኛው ምክንያት «የባልና የሚስት ነገር ነው፤ በመካከላቸው አይገባም» የሚል ነው። ይህን ያለ የመጀመሪያው ሰው ማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁን? በዓለም ላይ የመጀመሪያው ደም የፈሰሰው በአንድ ቤተ ሰብ መካከል ነው፤ ቃየል ወንድሙን አቤልን ገደለ። እግዚአብሔርም «የቤተ ሰብ ነገር ነው» ብሎ አልተወውም፤ መጥቶ ጠየቀ፤ የፈሰሰውም ደም ከምድር ወደ እርሱ እንደሚጮኽ ተናገረ። እርሱ የወንድሙ ጠባቂ እንዳልሆነ አድርጎ የመለሰው ቃየል ነበረ። እንግዲህ ጩኸት ሰምቶ በሩን የሚዘጋ ጎረቤት የማንን መልስ እንደሚመልስ ያስተውል። ነቢዩ ሚልክያስም በምዕራፍ 2 ቍጥር 14 ላይ፣ እግዚአብሔር በሰውና በልጅነት ሚስቱ መካከል ምስክር ሆኖ እንደ ቆመ ተናግሯል። እግዚአብሔር ምስክር ሆኖ በቆመበት ቤት ውስጥ «ማንም አያየንም» የሚባል ነገር የለም።

ወገኖቻችን ሆይ፤ ነገሩ የአንድ መንደር ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ከ100ው 34ቱ ከባላቸው የአካል፣ የሩካቤ ወይም የመንፈስ ግፍ እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። የአካል ወይም የሩካቤ ግፍ ከደረሰባቸውም ሴቶች ከ100ው 66ቱ ርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም። በዚያው ጥናት «ባል ሚስቱን ሊመታ የሚገባው ምክንያት አለ» ብለው ያመኑት ከወንዶች ከ100ው 28ቱ ሲሆኑ፣ ከሴቶች ግን 63ቱ ነበሩ። ይህ እጅግ ያሳዝናል፤ የተመታችው «ይገባኛል» ብላ እስክታምን ድረስ ትምህርታችን ጠፍቷልና። ይሁን እንጂ በ1992 ዓ.ም. ተመሳሳይ ጥያቄ በተጠየቀ ጊዜ ከ100 ሴቶች 85ቱ እንዲህ ብለው መልሰው ነበረ። እንግዲህ የሰው አእምሮ ሊለወጥ ይችላል፤ ተስፋ አንቈርጥም።

አሁን ስለ ሕግ እንናገር። «ካህን ስለ ወንጌል እንጂ ስለ ሕግ ምን ያገባዋል?» የሚል ሰው ቢኖር፣ ኦሪት ዘዳግምን በምዕራፍ 22 ቍጥር 8 ላይ ያንብብ። በዚያ እግዚአብሔር አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ አዝዟል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ያ ሕግ የወደቀውን ሰው ለመቅበር የተሠራ አልነበረም፤ ሰው እንዳይወድቅ የተሠራ ነበረ። ቅዱስ ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በምዕራፍ 13 ቍጥር 4 ላይ፣ ባለ ሥልጣን ሰይፍ የታጠቀው በከንቱ እንዳልሆነ አስተምሯል። አባቶቻችን ፍትሐ ነገሥትን ይዘው ሲዳኙ የኖሩት፣ ከ51ዱ አንቀጾች 22ቱ የቤተ ክርስቲያንን ነገር፣ የቀሩት ደግሞ የዓለሙን ሥርዐት የሚናገሩ ሆነው የተዘጋጁት በከንቱ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ከሕግ ርቃ አታውቅም።

የአገራችንን ሕግ አካሄድ ስናይ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ሴት የጠለፈ ሰው በኋላ በሕጋዊ ጋብቻ ያገባት እንደ ሆነ ከክስ እንዲድን ያደርግ ነበረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አድርጎ ሚስት በተፈቀደ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበረ፤ ነገር ግን ያው ሕግ ባል ሚስቱን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ጽፎ ነበረ፤ ብዙዎች ግን የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አላነበቡም። ከሃያ አምስት ዓመታት በላይ ባለፈው ዘመን በአርሲ አገር አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ልታመልጥም ስትል በጠላፊዋ መሣሪያ ጠላፊዋን ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆሞላት ፍርድ ቤቱ ራሷን ስለ ተከላከለች በነጻ አሰናበታት። ያ ፍርድ ብዙዎችን ከእንቅልፋቸው ቀሰቀሰ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶችን የሚጨቁኑና በአካላቸው ወይም በአእምሯቸው ላይ ጉዳት የሚያደርሱ ሕጎች፣ ወጎችና ልማዶች ክልክል መሆናቸውን ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ባልና ሚስት እንዲከባበሩ፣ እንዲተጋገዙና ቤታቸውን በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ አደረገ፤ የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ዓመት ከፍ አደረገ። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ የጠላፊውን ማምለጫ ዘጋ፤ ጠልፎ ቢያገባም ከቅጣት እንዳይድን አደረገ። በአንቀጽ 564ም በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኀይል ድርጊት ወንጀል መሆኑን በስሙ ጠርቶ ጻፈ። አካልን የሚያጐድል ከባድ ጉዳት እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ስለዚህ «ሚስቴን ብመታ ማን ይጠይቀኛል?» የሚል ሰው ካለ ዛሬ ከራዲዮው ይስማ፤ ሕግ ይጠይቀዋል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ይጐድላል፤ ይህንንም በዚያች ሴት ነገር አይተነዋል። ቀላል ተብሎ የሚቈጠረው ድብደባ ብዙውን ጊዜ የሚከሰሰው ተበዳይዋ ራሷ አቤቱታ ስታቀርብ ነው። አቤት ብላ ከጣቢያ ስትመለስ ግን የምታድረው ወዴት ነው? እዚያው ከመታት ሰው ጋር፣ በዚያው ጣራ ሥር ነው። ፍርድ ቤት ከሁለቱ አንዱ ከቤት እንዲወጣ፣ ለልጆቹም ቀለብ እንዲሰጥ የሚያዝዝበት መንገድ በቤተ ሰብ ሕጋችን አለ፤ ነገር ግን ይህ የሚሆነው የፍቺ አቤቱታ ከቀረበ በኋላ ነው። እንግዲህ በዚያች ሴት ፊት የተከፈቱት ሁለት በሮች ብቻ ናቸው፤ አንዱ የባልዋ ወኅኒ ነው፤ ሁለተኛው ፍቺ ነው። ወኅኒውን «የልጆቼ አባት ነው፤ ማን ያርስልናል?» ብላ ትፈራለች፤ ፍቺውን ደግሞ ስለ ቃል ኪዳኗ ትፈራለች። ሁለቱንም ስትፈራ በመካከሉ ዱላው ይቀጥላል።

ሦስተኛ በር ያስፈልጋል። ይህም ባል እስኪታረም ድረስ እንዳይመታ፣ እንዳያስፈራራ፣ እንደ ሁኔታውም ወደ ቤቱ እንዳይቀርብ፣ ለሚስቱና ለልጆቹም ቀለብ እንዳያቋርጥ፣ ፍቺ ሳይጠየቅ ዳኛ በአንድ ቀን ሊሰጠው የሚችል የጥበቃ ትእዛዝ ነው። ይህን በዝርዝር የሚደነግግ የቤት ውስጥ ግፍን ብቻ የሚመለከት ሕግ አገራችን ገና አላወጣችም። ጎረቤቶቻችን አውጥተዋል፤ ዑጋንዳ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2010፣ ኬንያም በ2015 እንዲህ ያለ ሕግ ደንግገዋል። እኛም ልናወጣ ይገባል።

ምናልባት «ይህ ትዳርን ያፈርሳል» የሚሉ ወንድሞች ይኖራሉ። እኛ ተክሊል የምንደፋ ካህናት ትዳር እንዲፈርስ አንወድም፤ ይህን ሕግ የምንመኘውም ስለዚሁ ነው። ትዳርን የሚያፈርሰው ዱላው ነው እንጂ ዱላውን የሚይዘው እጅ አይደለም። ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 7 ቍጥር 10 እና 11 ላይ፣ ሚስት ከባልዋ እንዳትለይ ካዘዘ በኋላ፣ ብትለይ ግን ሳታገባ እንድትኖር ወይም ከባልዋ ጋር እንድትታረቅ ተናግሯል። እንግዲህ ለጊዜው መራቅ ተክሊልን መጣል እንዳልሆነ፣ ዕርቅም ከመራቅ በኋላ ሊመጣ እንደሚችል ሐዋርያው ያውቅ ነበረ። ከዱላው ርቃ የምትኖር ሴት አንድ ቀን ልትታረቅ ትችላለች፤ የሞተች ሴት ግን አትታረቅም።

ደግሞም የመጠጊያ ስፍራ ያስፈልጋል። በኢያሱ መጽሐፍ ምዕራፍ 20 እንደ ተጻፈው፣ ሳያውቅ ሰው የገደለ ሰው ደም ተበቃይ እንዳያገኘው የሚሸሽባቸው ስድስት ከተሞች ተለይተው ነበረ። እግዚአብሔር እጁ ደም ለነካው ሰው መማፀኛ ከሰጠ፣ ምንም ለማታውቅ ሴትና ለልጆቿማ እንዴት አብልጦ አይወድድም! በአዲስ አበባ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር እንዲህ ያለ መጠለያ አቋቁሞ ብዙዎችን አሳርፏል፤ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልም ሐኪሙ፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ስፍራ ሆነው ተበዳይን የሚቀበሉበት ክፍል አለ። ነገር ግን ከቴፒ አዲስ አበባ ሩቅ ነው። በሌሊት ጭቃ ረግጣ ለምትሸሽ እናት መማፀኛዋ በእግር የሚደረስበት ሊሆን ይገባዋል።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በይፋ የተመሠረተ አዲስ ክልል ነው። የወንጀል ሕግ በዋናው የሚወጣው በፌዴራሉ ምክር ቤት ቢሆንም የቤተ ሰብን ሕግ ክልሎች ሊያወጡ ይችላሉ። አዲስ ቤት እየሠራን ነን፤ እንግዲህ በጣራው ዙሪያ መከታ ማድረግን አንርሳ። በምክር ቤት የምትቀመጡ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ያለችው መበለት ዳኛውን እየተመላለሰች ፍረድልኝ ትለው ነበረ። ዳኛው እግዚአብሔርን የማይፈራ ሲሆን ስላደከመችው ብቻ ፈረደላት። እናንተ ግን እግዚአብሔርን የምትፈሩ ናችሁና እስክታደክማችሁ አትጠብቁ።

ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም።

ባሎች ሆይ፤ ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 3 ቍጥር 7 ላይ፣ ጸሎታችሁ እንዳይከለከል ሚስቶቻችሁን እንድታከብሩ አዝዟል። ሚስቱን መትቶ ያደረ ሰው በማግሥቱ ቢጾምና ቢሰግድ ጸሎቱ ከቤቱ ጣራ አያልፍም። የቡናውን ገንዘብ ከሚዛኑ ስትቀበሉ ሚስታችሁ ከአጠገባችሁ ትቁም፤ አብራችሁ ቍጠሩት። መጠጡ እጃችሁን የሚያስረዝም ከሆነ መጠጡን ተዉ፤ ብቻችሁን ካልቻላችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ኑ።

እኅቶች ሆይ፤ የተመታችሁት በኀጢአታችሁ አይደለም። መናገር ገመና ማውጣት አይደለም። ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ታከሙ፤ የሐኪሙም ማስረጃ በፍርድ ቤት ይጠቅማችኋልና ተቀብላችሁ አኑሩት። ነፍሳችሁ የሠጋች እንደ ሆነ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሽማግሌዎች ሆይ፤ ደም የፈሰሰበትን ነገር ከዋርካ ሥር አትጨርሱ፤ ወደ ሕግ እንዲደርስ አድርጉ። ዕርቅ ቢኖር ከፍርድ በኋላ፣ እርስዋም ያለ ፍርሃት ስትፈቅድ ይሁን። ጎረቤቶች ሆይ፤ ጩኸት ስትሰሙ አንድ ሰው ብቻውን አይውጣ፤ ነገር ግን ሰባቱም ቤቶች በአንድነት ይውጡ። እሳት ሲነሣ «የማን ቤት ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። ዕድር ለሞተው ሰው እንዲደርስ ያቋቋምነው ነው፤ ሳትሞት ቢደርስላትስ?

እኛም ካህናት፤ መስቀል አስመን ስናስምል መሐላው የፈሰሰውን ደም የሚያጥብ እንዳይመስለን እንጠንቀቅ። የምንሰጠው ንስሐ ለመቺው እንጂ ለተመታችው አይሁን። ከዚያች ሴት በኋላ በአጥቢያችን ያደረግነው ነገር ጥቂት ነው፤ በሰንበቴው መካከል ሦስት እናቶች ተመርጠዋል፤ በሌሊት የሚያንኳኳ ሲመጣ በራቸው ይከፈታል። በዚህ ዓመት በራቸው ሁለት ጊዜ ተንኳኵቷል፤ ሁለት ጊዜም ተከፍቷል።

ያ ሕፃን አሁን አድጓል። በየሰንበቱ ከዲያቆናቱ ጋር ጧፍ ይዞ ይቆማል። ማኅሌቱ ስለ ስደቱ ሲዘመር ፊቱን እናያለን፤ በሌሊት በባዶ እግሩ የሮጠበትን መንገድ የሚያስብ ይመስለናል። ያን መንገድ ዳግመኛ ሕፃን እንዳይሮጥበት፣ ቢሮጥም የመጀመሪያው በር እንዲከፈትለት ማድረግ የሁላችን ዕዳ ነው።

በስደት የኖረች እናታችን ቅድስት ድንግል ማርያም የተሰደዱትን እናቶች በምልጃዋ ታስባቸው። ልዑል እግዚአብሔር ለመቺዎች ልብ፣ ለተመቱት ዕረፍት፣ ለሕግ አውጪዎች ማስተዋል፣ ለሁላችንም ዝምታን የምናፈርስበት ድፍረት ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።